የናሙና ፍጥነት ቅየራና የስሜን ተራሮች ድምፅ

ከዛሪማ ቆላ በላይ የተዘረጋው የስሜን ተራሮች ሰንሰለት የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ ነው። ቶሬ በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ጭላዳ ከንፈሩን እያርገበገበ የሚያሰማው ድምፅ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ የሚመላለስና ለሰው ንግግር ምት የቀረበ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ምት ዝቅተኛ የናሙና ፍጥነት ያለው ቅጂም ይይዘዋል፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን የድምፁን ክፍሎች ግን አይይዝም።

ትልቁ አደጋ በቅየራው ላይ ነው። በሰከንድ በ48,000 ናሙና የተቀዳ ድምፅ ወደ 16,000 ሲወርድ ከየሦስቱ ናሙና አንዱን ብቻ ማስቀረት በቂ ይመስላል። ይሁን እንጂ አዲሱ ፍጥነት የሚሸከመው ከ8 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው። ድምፁ አስቀድሞ ካልተጣራ የ10 ኪሎኸርዝ የነፍሳት ጩኸት 6 ኪሎኸርዝ ሆኖ ይታጠፍና የጭላዳው ድምፅ አካል መስሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ወደ 48,000 መልሶ ማሳደግ ፋይሉን ያገዝፋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ የተጠቀመበትን ማጣሪያ በግልጽ ሊያሰፍር፣ ዋናው ቅጂም ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባል። የማስቀመጫ ቦታ በገንዘብ ይገዛል፤ ያለፈ የስሜን ማለዳ ግን ዳግም አይቀዳም።