የሲቲ ስካን ምስልና የጡንቻ መጠን፦ የማን ወሰን?

ከሆድ ዕቃ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት የሚነሣ ሲቲ ስካን ዕጢው የደረሰበት ከታየ በኋላ ይዘነጋል። ሆኖም በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ ያለ አንድ ምስል የታካሚውን የጡንቻ መጠን ለመገመት ይበቃል፤ ተጨማሪ ጨረርም አይጠይቅም። ክብደት ግን ያታልላል፤ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ በሚዛን ላይ ደኅና ይመስላል።

የሚያሳስበኝ ወሰኑ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውና በሰፊው የሚጠቀሰው መለኪያ (ለወንድ 52.4፣ ለሴት 38.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር በካሬ ሜትር ቁመት) የተገኘው ከመጠን በላይ ከወፈሩ የካናዳ የካንሰር ሕመምተኞች ነው። ይህን እንዳለ ወስዶ ቀጭን ለሆነው የአገራችን ታካሚ መጠቀም አግባብ አይመስለኝም። በየሆስፒታሉ የተከማቹትን ምስሎች ከቀዶ ሕክምና ውጤት ጋር አስተያይቶ የራሳችንን ወሰን ማውጣት ለማስተርስ መመረቂያ የሚመጥን ሥራ ነው። እስከዚያው የክንድ ዙሪያ መለኪያው ከዎርድ አይውጣ።