«ቬፕ ኃጢአት ነው ወይ?»

በቅርቡ አዋሽ ሰባት ኪሎ በታዳጊዎች ፕሮግራማችን ላይ አንድ የ15 ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ቬፕ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀን። ልጆቹ ሳቁ። እኛ አገልጋዮቹ ተያየን፤ ግማሾቻችን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምን እንደሚመስል እንኳ አናውቅም ነበር። «ያው ሲጋራ ነው» ብለን ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍን።

ሰመራ የሚያገለግሉ ወንድሞችም ተመሳሳይ ነገር አጫወቱን። ልጆቹ ቬፕን ከሲጋራ አይቆጥሩትም። «የውሃ እንፋሎት ነው፣ ማንጎ ማንጎ ይላል» ይላሉ። ከየት ሰማችሁ ሲባሉ ቲክቶክን ይጠራሉ፤ ወይም ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣ የአጎት ልጅን።

የውሃ እንፋሎት አይደለም። በባትሪ የሚሞቀው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን አለበት፤ ሲጋራን ሱስ የሚያደርገው ያው ኒኮቲን ነው። አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ስለሚያድግ ታዳጊን ቶሎ ይይዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ከልክሏል፤ ሌላውንም ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ አይፈቅድም። ስልክ ላይ ግን አዋጅ የሚያነብ ማን አለ?

አብረናቸው የምንኖር አፋሮች ዳጉ የሚሉት ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ወሬው ከማን እንደመጣ ይጠየቃል፤ ሐሰት ያወራ ያፍራል። ከሌላ አካባቢ የመጣን ብዙዎቻችን እናደንቀዋለን፣ አንማርበትም እንጂ። ልጆቻችን ቤት ሲገቡ «ምን ሰማህ?» አንልም፤ ልብሳቸውን እናሸታለን። ጭስ ጭስ የማይል ነገር ሲመጣ ታዲያ ምን እናድርግ?

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚያነሣው የሽታ ነገር አይደለም፤ ማን ይገዛሃል የሚል ነው። ልጁ ይህን ከእኛ መስማት ነበረበት። አንዳንድ ወንድሞች ጠበቅ ያለ ሥርዓት ይውጣ፣ የተገኘ ከመዘምራን ይታገድ ይላሉ። አንስማማም። በሰው ፊት ደፍሮ የጠየቀ ልጅ እኮ አምኖን ነው የጠየቀው፤ ቅጣቱን ካስቀደምን ቀጣዩ ልጅ እጁን አያወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ፈልገን አገኘነውና ይቅርታ ጠየቅነው። «ሞክረኸው ታውቃለህ?» አላልነውም። «ከማን ሰማህ?» አልነው። ሻይ አዘን እስኪመሽ ተጫወትን፤ አብዛኛውን ያወራው እሱ ነበር።