የጉልበተኛ መኪና ዋጋ ከኮፈኑ ሥር ነው

መኪና ያረጃል፤ ያረጀ መኪና ደግሞ ይረክሳል። የሌላው ዓለም ገበያ የሚመራው በዚህ ደንብ ነው። በአዲስ አበባ ግን ደንቡ ከተገለበጠ ሰነባብቷል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቢኤምደብሊው፣ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ወይም መርሴዲስ ባለቤቱ ከገዛበት በላይ በሆነ ብር ሲሸጥ ማየት አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሻጩ አተረፍኩ ይላል፣ ገዢው ንብረት ያዝኩ ይላል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ያመራል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሞተሩ የጠየቀ የለም።

ዋጋው የናረበት ምክንያት ከመኪኖቹ ጥራት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁና ትልልቅ ሞተር በተገጠመላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሩ ተዘጋ፣ ብሩ ረከሰ፣ ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ባለበት ተወደደ። እንግዲህ የጨመረው የእጥረቱ ዋጋ እንጂ የመኪናው አይደለም። ሞተሩ የምንዛሪ ተመን አይከታተልም፤ በየቀኑ ማርጀቱን ይቀጥላል። መኪናውን ያስወደደው ዶላር መለዋወጫውንም አብሮ ማስወደዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ ነው።

ገንዘብን መኪና ላይ ማሳረፍ ለቶዮታ ኮሮላ ወይም ለቪትዝ ቢሠራ አያስገርምም። የማንኛውም ሰፈር መካኒክ ያውቃቸዋል፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉልበተኛ መኪና ግን ሌላ ፍጡር ነው። የሞተሩ ክፍሎች በጠባብ ልክ የተሠሩ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የሚሠሩ፣ ዘይታቸው በጊዜው ካልተቀየረ ይቅር የማይሉ ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና እንደ ኮሮላ ቆጥሮ መግዛት ሕንፃና ድንኳንን በአንድ ዋጋ እንደ መገመት ነው።

የፖርሽ 911 ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠራውና 996 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ሞዴል በሞተሩ ውስጥ ባለ መካከለኛ ዘንግ ላይ የሚገኝ አንድ ትንሽ ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታው ሲሰበር ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶች በጋራ ከስሰው ጉዳዩ በ2013 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲያልቅ፣ በክርክሩ የተሰማው አሐዝ በቀድሞዎቹ ባለ ድርብ ረድፍ ኩሽኔታዎች 1 በመቶ፣ በኋለኞቹ ባለ ነጠላ ረድፎች ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ይበላሹ እንደነበር ያሳያል። ከመቶው 92ቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ገበያው ግን 92ቱን ከ8ቱ መለየት ስላልቻለ ሁሉንም ቀጣ፤ 996 ለብዙ ዓመታት ከ911 ዘሮች ሁሉ ርካሹ ሆኖ ቆየ። ኩሽኔታውን አስቀይሮ ደረሰኙን የያዘ ሻጭ ብቻ አንገቱን ቀና አድርጎ የተሻለ ዋጋ ይጠይቅ ነበር።

ይህንኑ ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገለ መኪናን ምሳሌ አድርጎ አስረድቶታል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሻጭ የመኪናውን ሕመም ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ለአማካዩ ብቻ ይከፍላል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በአማካይ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ግርዱ ነው። የአዲስ አበባው ገበያ ከዚህም የባሰ ነው ማለት ይቻላል። የፖርሽ ገበያ ቢያንስ ጥርጣሬውን በዋጋ ቅናሽ ገልጿል። እዚህ እጥረቱ ጥርጣሬውን ስለሸፈነው ጤነኛውም በሽተኛውም በአንድ ውድ ዋጋ ይሸጣል።

ገበያው ስለምን እንደሚያወራ ማዳመጥ በቂ ነው። ሞዴሉ የስንት ነው፣ ኮዱ ስንት ነው፣ ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ ተቀብቷል፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነድቷል፣ ቦሎ አለው ወይ? ኪሎ ሜትሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስ ቁጥር መሆኑን ራሳቸው ደላሎቹ ያውቃሉ። ቦሎው ቢሆን ፍሬንና መብራትን የመሳሰለውን የሚያይ ዓመታዊ ምርመራ ማለፉን እንጂ የቱርቦውንና የካቴናውን ጤና አይመሰክርም። «ዱባይ የነበረ ነው» የሚለውም እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጠራል። እውነት ነው፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተብሎ የተሠራ መኪና የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ጠንከር ያለ ነው። ነገር ግን ዱባይና ሻርጃ ከሚሸጡት መኪኖች ብዙዎቹ አሜሪካ ተገጭተው በጨረታ የተገዙና እዚያው ተጠግነው የቀረቡ ናቸው። መነሻው ዱባይ ይሁን ዱባይን ለመታጠቢያ ያህል ይርገጣት በቃል አይታወቅም።

በከተማችን ከሚታዩት አንዱን እንውሰድ። ቢኤምደብሊው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤክስ 6፣ በኤክስ 5ና በ7 ሲሪየስ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ኤን 63 የተባለ ባለ 4.4 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር አለ። ሁለቱ ቱርቦዎች የተቀመጡት በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ነው። ይህ ለጉልበት ጥሩ ሲሆን ለሙቀት ግን ክፉ ነው፤ በአካባቢው ያለው ጎማና ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ሞተሩም ዘይት በመጠጣት ስሙ ጠፍቷል። ኩባንያው በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ላይ ለእነዚህ ሞተሮች ልዩ የእንክብካቤ ፕሮግራም ከፍቶ ካቴናቸውንና የነዳጅ መርጫቸውን እስከ መፈተሽ ደርሷል። የዘይት መቀየሪያውንም ከ24 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲሆን አሳጥሮታል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ዘይት ደረሰኙ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የምትመች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ባለ ቱርቦው ደግሞ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ቱርቦውን ይበልጥ ማሽከርከር አለበት። ከዚያ በኋላ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሙቀቱን ይውጣል። 400 የፈረስ ጉልበት ተከፍሎበት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝበት ከተማ ነው፤ ለማን እንደሚነዳ ባለቤቱ ያውቃል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ነጋዴ 6 ሚሊዮን ብር አውጥቶ እንዲህ ያለ መኪና ገዛ እንበል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተሩ ከባድ ጥገና የሚያስፈልገው የመሆን ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው፣ ጥገናው 2 ሚሊዮን ብር ይፈጃል ብለን እናስብ። በስሌት የሚጠበቀው ኪሳራ 200 ሺህ ብር ነው፤ ብዙም አያስፈራም። ሃምሳ መኪና የሚያሻሽጥ ድርጅት በዚህ ቁጥር ተመርቶ መኖር ይችላል። አንድ መኪና ያለው ሰው ግን 200 ሺህ ብር አይከስርም፤ ወይ ምንም አይከስርም ወይ 2 ሚሊዮኑን ይከስራል። ኢንሹራንስም አያድነውም፤ የተለመደው የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ግጭትንና ስርቆትን እንጂ የሞተር ብልሽትን አይሸፍንም። ስለዚህ ያለ የሌለውን አሟጦ ጉልበተኛ መኪና የሚገዛ ሰው፣ ሁለት ሚሊዮኗን በእጁ ካልያዘ፣ ዋጋውን ገና ከፍሎ አልጨረሰም። በተለይ ለሱቁ ዕቃ ማስገቢያ ያሰበውን ገንዘብ «መኪናው የትም አይሄድም» ብሎ ለሚያውል ሰው አደጋው እጥፍ ነው። የቆመ ኤክስ 6 በእርግጥም የትም አይሄድም።

ጥርጣሬውን መቀነስ ግን ይቻላል፣ ወጪውም ከመኪናው ዋጋ አንፃር ኢምንት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ መነሣት አለበት፤ ገዢ ከመድረሱ በፊት አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የካቴናውን ድምፅና የመጀመሪያውን ጭስ ሰውሯል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነበብ ስህተት አለመኖሩ ብቻውን አያስደስትም፤ መኪናው በራሱ የሚያካሂዳቸው ምርመራዎች ገና አልተጠናቀቁም የሚል ከሆነ ስህተቱ በቅርቡ የተሰረዘ ሊሆን ይችላል። የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካ፣ የዘይት ማጣሪያው ተቆርጦ ብረት ብናኝ ይታይ። አሥራ ሰባቱ የሻንሲ ፊደላትና ቁጥሮች ደግሞ ብዙ ይናገራሉ። መኪናው አሜሪካ ተመዝግቦ ከነበረ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ዘመድ በጥቂት ዶላር የግጭት፣ የጎርፍና የኪሎ ሜትር ታሪኩን ሊያወጣ ይችላል። ስድስት ሚሊዮን ለሚከፍል ሰው ይህ የምሳ ሒሳብ ነው።

ፍተሻውን የሚያደርገው መካኒክ ግን በደላላው የተጠቆመ መሆን የለበትም። ደላላው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ ሲፈርስ ስላልሆነ ነው። መካኒኩን ገዢው ራሱ ይምረጥ፣ ክፍያውም መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም አንድ ይሁን።

ውሉም ትኩረት ይሻል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። ብዙ ገዢ ግን «መኪናውን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» በምትል አንዲት መስመር ላይ ፈርሞ ይወጣና ሞተሩ ሲያንኳኳ ጠበቃ ፍለጋ ይሮጣል። የተነገረው የኪሎ ሜትር መጠን፣ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነና መኪናው ተገጭቶ እንደሆነ በሻጩ ቃል በውሉ ላይ ይጻፍ። እውነቱን የሚናገር ሻጭ ለመጻፍ አይቸገርም።

ደረሰኙን ሰብስቦ ያስቀመጠ፣ ዘይቱን በጊዜው የቀየረ ባለቤት በበኩሉ በገበያው አማካይ ዋጋ መሸጥ የለበትም። ጭማሪ ይጠይቅ፤ ገዢም 5 ወይም 10 በመቶ ቢጨምርለት ከላይ ካየነው የ2 ሚሊዮን ብር ስጋት ጋር ሲነጻጸር ረክሶ ነው የገዛው። ኮፈኑን ለአንድ ቀን ለገዢ መካኒክ አልከፍትም የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ደግሞ ድርድሩ የሚጀመረው ሞተሩ እንደተበላሸ ተቆጥሮ፣ ከስድስት ሚሊዮኑ ላይ ሁለቱ ተቀንሶ ነው።