ሞርሳው ለምን ይንከባለላል?

የሥራ ቦታ ዋስትና በኪሎ ሲመዘን

አንድ የተጣለ የመኪና ቸርኬ፣ ከአንድ ሜትር የሚያንስ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ አንድ የላሜራ ቁራጭና አራት ብሎን። እነዚህ በብየዳ ሲጋጠሙ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚሞርድና የሚያጣምም ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዕቃ ይወጣቸዋል፤ ሞርሳ የሚታሰርበት ማቆሚያ። ቸርኬው መሠረት፣ ቱቦው ምሰሶ፣ ላሜራው ገበታ ይሆናል። ሥራው ሲያበቃ ባለቤቱ ማቆሚያውን ዘንበል አድርጎ፣ በቸርኬው ጠርዝ እያንከባለለ ጥግ ያስይዘዋል።

ይህን ዕቃ ለመሥራት ፋብሪካም ሆነ የባንክ ብድር አያስፈልግም። ስለዚህም በላስ ቬጋስ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በማውንተንስ ኤጅ ካለ የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በትርፍ ሰዓቱ ብረት የሚነካካ አንድ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ሊሠራው ይችላል። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በምናለሽ ተራ፣ ኑሮው በብረት ላይ የተመሠረተ ባለሙያም ይሠራዋል። ዕቃው አንድ ነው፤ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ማቆሚያውን ተንቀሳቃሽ የሚያደርገው ስለሚመቸው ነው። ሁለተኛው ነገ ከቦታው ሊነሣ ስለሚችል ነው። የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ለዓመታት ችላ ያለው ይህንን ልዩነት ነው። ትንሹ ብረት ሠራተኛ ከማሽንና ከሥልጠና አስቀድሞ የሚያጣው ነገር፣ ብሎኑን ያለ ሥጋት የሚያጠብቅበት ወለል ነው።

ክብደትና ጥራት

በብረት ሥራ ውስጥ ክብደት ጌጥ አይደለም። ሠራተኛው ሞረድ ሲገፋ ወይም መጋዝ ሲስብ ጉልበቱ በሞርሳው በኩል ወደ ማቆሚያው ይተላለፋል። ማቆሚያው ከተወዛወዘ ከዚያ ጉልበት ከፊሉ ይባክናል፤ የመጋዙ ምላጭ ቶሎ ይሰበራል፤ የተሞረደው ገጽ ይዛነፋል። የጥንቱ ቀጥቃጭ ይህን አሳምሮ ያውቅ ስለነበር መስፉን በወፍራም ግንድ ላይ ተክሎ፣ ግንዱን መሬት ውስጥ ይቀብረው ነበር። ወናፉና ጉጠቱ ቢንቀሳቀሱም መስፉ መንቀሳቀስ አልነበረበትም።

ከቁርጥራጭ ብረት ማቆሚያ የሚሠሩ ሰዎች የክብደትን ጉድለት ለማካካስ ብዙ ብልሃት አላቸው። የቱቦውን ውስጥ በአሸዋ ወይም በኮንክሪት መሙላት ንዝረትን ይቀንሳል። ከመሠረቱ ላይ የእግር ላሜራ መበየድ ደግሞ የሠራተኛውን የራሱን ክብደት ለማቆሚያው ያውሳል፤ ባለሙያው በላሜራው ላይ ቆሞ ሲሠራ ማቆሚያው አይነሣም። የሞርሳው አፍ ከክርን ከፍታ ጋር ሲስተካከል ወገብ አይደክምም። ወለሉ ጎርባጣ ከሆነ ከክብ ቸርኬ ይልቅ ሦስት እግር ይመረጣል። ሦስት እግር በምንም ዓይነት መሬት ላይ አይነቃነቅም፤ ይህን የሦስት ጉልቻ ባለቤት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

እነዚህ ብልሃቶች ግን የጉድለቱን ከፊል እንጂ ሙሉውን አይተኩም። በኮንክሪት ወለል ላይ በብሎን የተተከለ ሞርሳ ከሚንከባለለው ይበልጣል። ስለዚህ ሠሪው ሁልጊዜ አንድ ምርጫ ያጋጥመዋል። የሚጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ጥራትን ይጨምርለታል፤ መንቀሳቀስን ግን ይቀንስበታል። በዚያው ቦታ ለዓመታት እንደሚቆይ ያመነ ሰው ክብደቱን ይመርጣል። በሚቀጥለው ወር ሊነሣ እንደሚችል የሚያስብ ሰው ቀላሉን ይመርጣል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የማቆሚያው ክብደት የባለቤቱን የጊዜ አድማስ የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ሕጉ የታወቀ ጋራዥ

ማውንተንስ ኤጅ በብሉ ዳይመንድ መንገድ በስተደቡብ፣ ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአንድ ንድፍ የተገነባ ሰፊ የመኖሪያ መንደር ነው። እንዲህ ባሉ መንደሮች የቤት ባለቤትነት ፍጹም ነፃነት ማለት አይደለም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር በደንቡ የቤቱን ቀለም፣ የደጁን ተክል፣ ከመንገድ የሚታየውን ሥራ ሳይቀር ሊወስን ይችላል። በጋራዡ ውስጥ ደግሞ መኪናው ማታ ተመልሶ ማደር አለበት። የሚንከባለለው ሞርሳ ለዚህ ችግር ልከኛ መልስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መሐል ይወጣል፣ ማታ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ክልከላው ሳይሆን የክልከላው አኳኋን ነው። የኔቫዳ ሕግ ምዕራፍ 116 እንዲህ ያሉ ማኅበራትን የሚገዛ ሲሆን፣ ማኅበሩ በነዋሪው ላይ መቀጮ ከመጣሉ በፊት ጥፋቱን በጽሑፍ ማሳወቅና የመሰማት ዕድል መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ደንቡ ጥብቅ ሊሆን ይችላል፤ ድንገተኛ ግን አይደለም። ነዋሪው ምን እንደተከለከለ፣ ማን እንደሚከለክለው፣ የት አቤት እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል። በዚህም ምክንያት ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ሞርሳውን በጋራዡ ወለል ላይ ሊተክለው ቢወስን፣ ያወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚያፈርስበት አይጨነቅም።

ይህ ማለት በላስ ቬጋስ ቤት አይታጣም ማለት አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኔቫዳ ከቤቶቿ ቁጥር አንጻር ሲታይ በዕዳ ምክንያት ለመወረስ በተዳረጉ ቤቶች ምጣኔ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ነበረች። ነገር ግን ያ መከራ እንኳ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጠሮና ሰነድ ነበረው። መዋዕለ ንዋይን የሚያፋፋው የአደጋ አለመኖር ሳይሆን አደጋው የሚገመት መሆኑ ነው።

ምናለሽ ተራ

ምናለሽ ተራ ስሙን ያገኘው ከጥያቄ ነው፤ ‹ምን አለሽ?› ከሚል። ለዚህ ገበያ ከሚመግቡት አንዱ በየሰፈሩ እየዞረ የሚጣራው ቆራሌው ነው፤ ጥሪውም ‹ቆርቆሮ ያለው› ከሚለው እንዳጠረ ይነገራል። ከየቤቱ የወጣው ብረት በገበያው ተለይቶና ተመዝኖ ለቀጥቃጩና ለበያጁ ይደርሳል። በርሜል ወደ ምድጃ ይለወጣል፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት በመሆኑ ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገኘው የካፒታል ዕቃ፣ ማለትም ማቆሚያው፣ ገበታው፣ ማጣመሚያው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሠራተኛው እጅ የተሠራ ነው። ደረሰኝ የለውም፤ በጉምሩክ አላለፈም፤ ስለዚህም የሀገር የመዋዕለ ንዋይ መዝገብ እምብዛም አያየውም።

የብረት ሠራተኛው ቦታ ማጣት ዛሬ የተጀመረ ታሪክ አይደለም። ቀጥቃጭ ለዘመናት ማረሻውን የሚፈልጉት፣ ጉርብትናውን ግን የሚሸሹት ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ የመንግሥት ጉዳይ እስከመሆን የደረሰ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ የመሥሪያ ቦታን ጥያቄ ግን አልነካም።

ዛሬ ጥያቄው በሌላ መልክ ቀጥሏል። መሬት በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበትን ሥርዓት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። ይህ ሥርዓት ፊቱን ያዞረው ወደ ባለይዞታው ነው። ከባለይዞታ ላይ አንዲት ክፍል ወይም የደጅ ጥግ የተከራየው ብረት ሠራተኛ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ጥላ እጅግ ቀጭን ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ሰፈሮችን በፍጥነት ሲለውጥ፣ ሥራው ባልደረሰባቸው ሰፈሮች ላሉ ሠራተኞችም አንድ መልእክት አስተላልፏል፤ የማይነሣ ዕቃ አትትከሉ የሚል።

ለዚህ መልእክት የሚሰጠው መልስ ፍጹም ምክንያታዊ ነው። ሠራተኛው ገንዘቡን በእጅ ጋሪ ላይ በሚጫን ዕቃ ላይ ያውለዋል። ማቆሚያው ቀላል ይሆናል፤ ሥራውም የቀላል ማቆሚያ ሥራ ይሆናል፤ የመስኮት ፍርግርግ እንጂ የማሽን መለዋወጫ አይሆንም። ከዚያም የፖሊሲ ሰነዶች ይህንን ውጤት አይተው ‹የክህሎት ክፍተት› ብለው ይሰይሙታል።

የገበሬው ማስረጃ

ዋስትና መዋዕለ ንዋይን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ ውስጥ የተፈተነ ነው፤ የተፈተነው ግን በገጠር ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ፣ ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊና ተኪኤ ዓለሙ ውጤቱን አጥንተው በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የምስክር ወረቀቱ የገበሬውን የዋስትና ስሜት እንዳጠናከረና በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ የሚያውለውን ጉልበት እንደጨመረ አግኝተዋል። እርከን ማለት የገበሬው በብሎን የተተከለ ሞርሳ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ተሸክሞት አይሄድም።

ከእርከን ወደ ብረት ሥራ ደጅ መሻገር ግምት ነው፤ በከተማ ያለው አሠራር በብዙ መልኩ ይለያል። ነገር ግን የምክንያቱ አካሄድ ያው ነው፤ የግምቱም ማረጋገጫ ርካሽ ነው። አንድ ርካሽ የምስክር ወረቀት በገጠር ያመጣውን ለውጥ በከተማ ሳይሞክሩ በቢሊዮን ብር ማሽን መግዛት የፖሊሲ ቅደም ተከተልን ማዛባት ነው።

የተደረገውም ይኸው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ፣ ሀገሪቱን በትላልቅ ፋብሪካዎች ወደ ኢንዱስትሪ ያሸጋግራል ተብሎ ነበር። የስኳር ፋብሪካዎቹ ሥራ ተጓተተ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መገባደጃ የኮርፖሬሽኑ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ፤ ተቋሙም በኋላ በሌላ ስም እንደገና ተደራጀ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። የተቋም ስም ሲቀያየር፣ ከቆራሌው ብረት ገዝቶ ማረሻ የሚሠራው ሰው ቦታ እንደነበረ ቆየ።

ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከተማ መለወጥ አለባት የሚል ነው። እውነት ነው። የብየዳ ብልጭታ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ አይመችም። ዚንክ የተቀባ አሮጌ የውኃ ቱቦ ሽፋኑ ሳይነሣ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ሠራተኛውን በትኩሳት ይጥላል፤ ነዳጅ የነበረበት በርሜል ሳይጸዳ ቢቆረጥ ይፈነዳል። እነዚህን አደጋዎች መቆጣጠር የሚቻለው ግን ሠራተኛው የታወቀ ቦታ ሲኖረው ነው። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚንከባለልን ሥራ ተቆጣጣሪ አያገኘውም፤ ባለቤቱም የጭስ መሳቢያ አይተክልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተንቀሳቃሽነት ራሱ ጥንካሬ ነው ይላል። የኬንያ ብረት ሠራተኞች ‹ጁዋ ካሊ› ተብለው የሚጠሩት በጠራራ ፀሐይ ስለሚሠሩ ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት መደበኛ ያልሆነው ዘርፍ ጉልበት እንጂ ሸክም እንዳልሆነ ተከራከረ። ይሁንና የኬንያ መንግሥት በ1980ዎቹ ፊቱን ወደ ጁዋ ካሊ ሲያዞር ከገባቸው ቃሎች አንዱ ጥላ ያለው የመሥሪያ ቦታ ነበር። የተንቀሳቃሽነት ጥንካሬ ምርጫ ሲሆን ጥንካሬ ነው፤ ግዴታ ሲሆን ግብር ነው። የማውንተንስ ኤጁ ባለ ጋራዥ ምርጫ አለው፤ የምናለሽ ተራው ግብሩን ይከፍላል።

ከማሽን በፊት ወለል

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ብረት ሠራተኞች፣ ለተከራዮችም ጭምር፣ ዘመኑ የተወሰነ የሥራ ቦታ ማረጋገጫ ይሰጥ። ባለቤትነት መሆን የለበትም። የሚያስፈልገው የማይቆረጥ ዘመን፣ በጽሑፍ የሚደርስ የማንሻ ማስጠንቀቂያና የመሰማት መብት ነው፤ የኔቫዳ ሕግ ለአንድ የቤት ማኅበር መቀጮ እንኳ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ የካሳ ስሌት ግንብና ጣሪያን ብቻ ሳይሆን የተተከለ መሣሪያን መንቀልና እንደገና መትከልን ይቁጠር። ያኔ ሠራተኛው ከባዱን ዕቃ ለመትከል የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዲያስፖራውን ይመለከታል። በጎ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሲረዳ የሚቀናው መሣሪያ መላክ ነው፤ ግራይንደር፣ የብየዳ ማሽን፣ አንዳንዴም ሙሉ ኮንቴነር። የሚታይና ፎቶ የሚነሣ ስጦታ ነው። ቦታው ያልተረጋገጠለት ሰው ግን ከባዱን ማሽን ይሸጠዋል ወይም ያከራየዋል፤ ቀላሉን ያስቀራል። ከዚያ ይልቅ ለተወሰኑ ዓመታት ውል የተገባበት የጋራ ወለል፣ ማለትም የኮንክሪት መደብ፣ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጭስ መሳቢያና በብሎን የተተከሉ ጥቂት ሞርሳዎች፣ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል። የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለዕቃ ሳይሆን ለውሉ መከበር ይዋል፤ ለጠበቃ፣ ለሰነድና ከወረዳው ጋር ለሚደረግ ድርድር።

የዚህ ፖሊሲ ውጤት በቀላሉ ይለካል። ከዓመታት በኋላ ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄድ አጥኚ ረጅም መጠይቅ ይዞ መዞር አያስፈልገውም፤ ሚዛን ይበቃዋል። የሞርሳ ማቆሚያዎቹ ከዛሬው ከብደው፣ ከፊሎቹም ለመመዘን እስከማይነሡ ድረስ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረው ካገኛቸው፣ ባለቤቶቻቸው በቦታቸው መተማመን ጀምረዋል ማለት ነው።