የጎተራው ሂሳብ

«ጎተራ» ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ ቀድሞ የሚታየው የመኪና ማሳለጫው ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ግን ከእህል ማከማቻ ነው። ባለፈው ዓመት ለአጭር ስልጠና ኬፕ ታውን ሄጄ የጎበኘሁት ሙዚየምም ጎተራ ነበር፣ ያውም 57 ሜትር የሚረዝም። ግንባታው በ1921 ተጀምሮ በ1924 አለቀ (እዚያ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቆሎው ከመሀል አገር በባቡር እየመጣ እዚህ ይመዘንና ይከማቻል፣ ከዚያ መርከብ ላይ ይጫናል። በ2001 ሥራ አቆመ።

ከ2017 ጀምሮ ዛይትስ ሞካ የሚባል የአፍሪካ ዘመነኛ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። ስሙም መነሻ ስብስቡም የመጣው የፑማ ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ ከነበረው ከዮኸን ዛይትስ ነው። ሕንፃው ውስጥ እንደ ቱቦ የቆሙ 42 የኮንክሪት ጎተራዎች ነበሩ። አርክቴክቱ ቶማስ ሄዘርዊክ እነሱን ከማፍረስ ይልቅ መሀላቸውን ፈልፍሎ አዳራሽ አወጣበት። የአዳራሹ ቅርጽ የተወሰደው ከአንዲት የበቆሎ ፍሬ ነው። ታች ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩ የተቆረጡት ቱቦዎች ከላያችሁ ይከፈታሉ፣ ብርሃኑ በነሱ በኩል ይወርዳል። ስልኩን የማያወጣ ሰው አላየሁም። ሙዚየሙ ሲከፈት እዚያ የተሰቀለው የኒኮላስ ህሎቦ ግዙፍ ክንፋም ፍጡር ነበር፤ የተሠራው ከከመነዳሪና ከሪባን ነው። የእኛ ጎሚስታ ቤቶች የሚጥሉት ከመነዳሪ ማለት ነው! የማሳያ ክፍሎቹ ግን እንደ የትኛውም ጋለሪ ነጭ ግድግዳ ናቸው። አፌን ያስከፈተኝ ጎተራው ራሱ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ሥዕል ሳይ ዋጋ ይመጣብኛል፤ ምን ላድርግ። ለእድሳቱ የወጣው 500 ሚሊዮን ራንድ አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለጥበብ ፍቅር ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ሰፈሩን የያዘው ቪ ኤንድ ኤ ዋተርፍሮንት ዙሪያውን ሱቅና ቢሮ ያከራያል፤ ከሙዚየሙ በላይ ደግሞ ውድ ሆቴል አለ። የዋተርፍሮንቱ ግማሽ ድርሻ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነው። ማለትም የአስተማሪውና የነርሷ የጡረታ ገንዘብ አለበት። እንዲህ ያለ ባለንብረት ሥራ የፈታ ጎተራ ሲያይ «ይፍረስ» ለማለት አይቸኩልም። ጎብኚው ሙዚየሙን ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ ይበላል፣ ይገዛል። ትርፉን ትኬት መቁረጫው ጋ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ በዙሪያው ባለው ኪራይ ውስጥ ነው ያለው።

እኛ ጋ ክርክሩ ሁሌ «ቅርስ ወይስ ልማት» ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ግማሹ በፌስቡክ አለቀሰ፣ ግማሹ «ያረጀ ቤት ምን ይሠራል?» አለ። ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ናፍቆት እንደማይበላ ይገባኛል። ግን «ይህ ቤት ታድሶ ሥራ ቢሰጠው አጠገቡ ያለው መሬት ኪራይ በስንት ይጨምራል?» ብሎ ቁጥር ይዞ የቀረበ አላየሁም፣ ከሁለቱም ወገን። ያለ ቁጥር ደግሞ ባዶ ቦታ ሁሌ ያሸንፋል፤ የባዶ ቦታ የሊዝ ዋጋ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛላ።

የኬፕ ታውኑም ቢሆን እንከን አለው። ሙዚየሙ ሲከፈት ለአፍሪካ አገራት ዜጎች ረቡዕ ጠዋት መግቢያው ነፃ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በጣም ደስ ይላል። ያሳደረኝ ያገሬ ልጅ ግን ቤልቪል ሱቅ አለው፣ እዚያ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሯል፣ አንድም ቀን አልገባም። «ረቡዕ ጠዋት ሱቅ የሚዘጋ ማን ነው?» አለኝ። ልክ ነው። ለሠራተኛ ሰው ዋጋው ትኬቱ ብቻ አይደለም፤ ታክሲውም፣ የቀረው የግማሽ ቀን ገቢም ተደምሮ ነው። ከተማው ዳር ካሉት የድሆች ሰፈሮች ለሚመጣ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሩቅ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሁለት ገጽ ሂሳብ ይለጠፍልን። አንዱ ቢፈርስ፣ ሌላው ቢታደስ የሚያስገባው። ታድሶ ሙዚየም ከሆነም ነፃው ሰዓት እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሁን።