ባንክ ይሉኝታ የለውም

የቤቱ ዕዳ ከቤቱ ዋጋ በእጥፍ በልጦ ሳለ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ ብቻ በየወሩ የሚከፍል ሰው በዚህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ «ጨዋ» ይባላል። ይህን ጨዋነት እቃወማለሁ። ልጆችን ከኮሌጅ አስቀርቷል፣ አገር ቤት ያለችን እናት ቀለብ አቋርጧል፣ ስንቱን ትዳር አፍርሷል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አበዳሪውን እንጂ ማንንም አለመጥቀሙ ነው።

ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ በፊት የነበረውን ግርግር እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል (ቀናቱንና ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ወገናችን ከኪሱ ዳውን ፔይመንት ሳያወጣ የአራት መቶና የአምስት መቶ ሺህ ዶላር ቤት ይፈርም ነበር። ሰማንያ በመቶው በአንደኛ ብድር፣ ሃያ በመቶው በሁለተኛ ብድር ይሸፈናል። ወለዱ ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ይቆይና ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። የገቢ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ የገቢውን መጠን በቅጹ ላይ የሚሞላው ሎን ኦፊሰሩ ራሱ ነው። ያ ሎን ኦፊሰር ብዙ ጊዜ አማርኛችንን ይናገራል፣ እሑድ አብሮን ያስቀድሳል፣ ሰርጋችን ላይ ይበላል። እንግሊዝኛውን ወረቀት ማንበብ ያቃተው ሰው «ወንድሜ» ባለው ሰው ቃል ተማምኖ ፈረመ። ኮሚሽኑን ለመብላት የወንድምነትን ቃል የሸጠ ሰው ዛሬም በየማኅበሩ ቀና ብሎ ሲሄድ፣ ቤቱን ያጣው ግን አንገቱን ደፍቶ ከሰው ርቋል።

ከዚያ የቤት ዋጋ ወደቀ። በዋሽንግተን ዙሪያ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ የእኛ ሰው የሰፈረበት ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ነበር፤ ውድብሪጅና የማናሳስ ዙሪያ። በ2010 መጨረሻ በመላው አሜሪካ 11 ሚሊዮን ያህል ቤቶች፣ ሞርጌጅ ካለባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ማለት ነው፣ ዕዳቸው ከዋጋቸው በላይ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሰዎችን ደብዳቤ አነብና እተረጉም ነበር። አንድ ቤተሰብ ከልቤ አይወጣም። ባል ቀን ታክሲ፣ ማታ ፓርኪንግ፤ ሚስት አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ቤቱን የገዙት በ465 ሺህ ነው፤ 372 ሺው አንደኛ ብድር፣ 93 ሺው ሁለተኛ ብድር። አጠገባቸው ያለው አንድ ዓይነት ቤት በ210 ሺህ ተሸጠ። ሚስትየዋ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍታ ደብዳቤዎቹን ስትሰጠኝ በላስቲክ የታሰሩ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ፖስታዎች አልተከፈቱም። የባንኩ፣ የክሬዲት ካርዶቹ፣ በአደራ መጥቶ ፈራሚ ላጣ ደብዳቤ ፖስታ ቤት የተወው ብጫቂ ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ታስሯል። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስንደምር እውነቱ ወጣ። ሞርጌጁን የሚከፍሉት ከክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ እያወጡ ነበር። የዕቁቧን ተራ ለምና አስቀድማ ወስዳ ለባንኩ ከፍላለች። በመጨረሻም የእሱን 401ኬ፣ ከስንት ዓመት የሌሊት ሥራ የተጠራቀመውን የጡረታ ገንዘብ፣ ግብሩንና የ10 በመቶ ቅጣቱን ከፍለው አውጥተው ለዚያው ቤት ሰጥተውታል።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የ401ኬ ገንዘብ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ባንኩም ሆነ የክሬዲት ካርዱ ድርጅት በፍርድ ቤት እንኳ ሊነካው አይችልም፤ ሰውየው ባንክራፕሲ ቢገባ ራሱ አብሮት ይወጣል። አበዳሪው በሕግ ሊወስድ የማይችለውን ብቸኛ ጥሪታቸውን በገዛ እጃቸው አስረከቡት! ደግሞም ቤቱን አላዳነውም። ዓመት ሳይሞላ በካውንቲው ፍርድ ቤት ደጃፍ በሐራጅ ተሸጠ። ቨርጂኒያ ውስጥ ባንኩ ቤቱን ለመሸጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አያስፈልገውም፤ ከሽያጩ የጎደለውንም ከሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እዚህ የሚኖር ባለዕዳ ከማንም በፊት ጠበቃ ማየት ያለበት ሰው ነበር። እነዚህ ባልና ሚስት ግን አንድም ጠበቃ አላዩም። ለምን ብዬ ባልየውን ስጠይቀው «የሰው ገንዘብ በልቼ መካድ አልችልም» አለኝ።

ይህን ቃል አከብራለሁ። የተነገረለትን ወገን ግን እንመልከተው።

የአሜሪካ ሞርጌጅ አበዳሪዎች ማኅበር በ2007 ዋሽንግተን ላይ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ በ79 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዋጋው ሲወድቅ የማኅበሩ ኃላፊ ከቤታቸው ዕዳ የሚሸሹ ሰዎች ለቤተሰባቸውና ለልጆቻቸው ምን ዓይነት መልእክት እንደሚያስተላልፉ እንዲያስቡ በአደባባይ መከረ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ፣ በየካቲት 2010፣ ያው ማኅበር ሕንፃውን በ41.3 ሚሊዮን ሸጦ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ ወጣ። በዚያው ክረምት ኒውዮርክ ውስጥ ስታይቨሰንት ታውንን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር የገዙት ቲሽማን ስፓየርና ብላክሮክ ግቢውን እንዳለ ለአበዳሪዎቹ አስረክበው ሄዱ። ማንም ከሃዲ አላላቸውም። ውሳኔያቸው የሒሳብ ውሳኔ ተባለ። የእኛ ታክሲ ነጂ ያንኑ ሒሳብ ቢሠራ ግን ወራዳ ነው?

ሕጉም ቢሆን የተጻፈው ለእነሱ ነው። በባንክራፕሲ ፍርድ ቤት ዳኛ የአንድን ሰው የባሕር ዳር ሁለተኛ ቤት ወይም ጀልባ ዕዳ ወደ ንብረቱ ዋጋ ዝቅ ሊያደርግለት ይችላል። ሰውየው የሚኖርበትን ቤት አንደኛ ብድር ግን መንካት አይፈቀድለትም። ይህን ለማስተካከል የቀረበው ሐሳብ ሚያዝያ 30 ቀን 2009 በሴኔት 45 ለ51 ወደቀ፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ሴናተር ዲክ ደርቢን ምክር ቤቱ የባንኮች ንብረት ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። ያም ሆኖ በሩ ሁሉ አልተዘጋም። በምዕራፍ 13 ባንክራፕሲ፣ አንደኛው ብድር ብቻውን ከቤቱ ዋጋ ሲበልጥ፣ ሁለተኛው ብድር ከቤቱ ላይ ተነሥቶ እንደ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ይቆጠራል። ያ የ93 ሺህ ዶላር ብድር ልክ እንዲህ ዓይነት ነበር። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (HUD) እውቅና የሰጣቸው ነጻ አማካሪዎችም ነበሩ። ባልና ሚስቱ ግን «ብድራችሁን አስተካክላለሁ» ላለ ሌላ ወገናችን ሦስት ሺህ ዶላር አስቀድመው ከፍለው ሰውየው ስልኩን ዘጋ። እንዲህ አስቀድሞ ማስከፈል ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ዛሬም የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው።

ዕዳ መክፈል የአባቶቻችን ሥርዓት ነው የሚሉኝን እሰማለሁ። አዎ ነው፤ በሰውና በሰው መካከል። የዕቁብ ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መከፈል አለበት፤ ያ ገንዘብ አብራን ሌሊት የምትሠራ ሴት ላብ ነው፣ መያዣውም ከቃል በቀር የለም። ባንኩ ግን ገና ሲያበድር ላይከፈለው እንደሚችል አስቦ ወለድ ጨምሮበታል፤ ውሉም ካልከፈልክ ቤቱን እወስዳለሁ ይላል። ቤቱን ማስረከብ ውሉ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነው። እኛ ግን ነገሩን ገለበጥነው፦ የባንክ ዕዳ ለመክፈል የዕቁብ ገንዘብ በላን፣ ከአጎት ልጅ ተበድረን ዝም አልን፣ የተጣላነውም ከዘመድ ጋር ሆነ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚገባው ይሉኝታ ለሞርጌጅ ድርጅት ተሰጠ!

ዛሬም ያው በሽታ በመኪና መጥቷል። ለኡበር ብሎ ሰባት ዓመት የሚከፈል መኪና የገዛ፣ የአሮጌውን መኪና ቀሪ ዕዳ አዲሱ ላይ ያስደመረ ስንት ሰው አለ። ይህም በሹክሹክታ ነው የሚነገረው።

ሰው ሲሞት ዕድራችን በሁለት ቀን ውስጥ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚልክ ገንዘብ ያዋጣል። ቤቱን ሊነጠቅ ሦስት ወር ለቀረው ሰው የሚያወጣው ግን ሐሜት ነው። ከዕድርና ከሰበካ መሪዎቻችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፦ በወር አንድ ቅዳሜ አንድ የባንክራፕሲ ጠበቃና አንድ ደህና አስተርጓሚ በማኅበሩ ገንዘብ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጡ። የሚመጣው ሰው ያልከፈታቸውን ፖስታዎች እንዳሉ ይዞ ይምጣ፤ ከ401ኬው አንድ ዶላር ከማውጣቱ በፊት ይምጣ። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ካለ ደግሞ፣ ከማኅበሩ የሚባረረው እሱ ይሁን።