«እስከ ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ይቅርብን!

መኪና የሚወድ ጎረምሳ አዲስ መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እስከ ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። በመስኮት አጮልቆ ዳሽቦርዱ ላይ 220 የሚል ቁጥር ካየማ አለቀ፣ «መኪና ማለት ይሄ ነው!» ይላል። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው ለእኛ አገር አይሆንም ባይ ነኝ። የእኛ ጥያቄ መሆን ያለበት «እንዴት ይነሳል?» የሚለው ነው።

ነገሩን በኳስ እንየው። ጋሬዝ ቤል እ.ኤ.አ. በ2014 በኮፓ ዴል ሬይ ፍጻሜ ባርትራን ከሜዳው መስመር ውጪ ዞሮ አልፎ ባርሴሎና ላይ ያስቆጠራትን ጎል ማን ይረሳል? ያ ረጅም ማርሽ ነው፤ ሰፊ ሜዳ ካገኘ ማንም አይደርስበትም። ሜሲ ደግሞ አጭር ማርሽ ነው፤ ሦስት ተከላካይ በከበበው ጠባብ ቦታ ላይ በሁለት እርምጃ ተነስቶ ያመልጣል። ታዲያ የእኛ መንገድ ለየትኛው ይመቻል?

በአራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ የሚያስተላልፍ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር 1.9 ሜትር የሚሄድ መኪና እንውሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ዲፈረንሻሉ 3.5 ከሆነ፣ ማለትም ሞተሩ ሦስት ተኩል ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ መኪናው በዚያ ማርሽ 195 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ መሄድ ይችላል። ይሄ ረጅሙ ነው። ዲፈረንሻሉ 4.3 ሲሆን ደግሞ 160 አካባቢ ላይ ይቆማል። ይሄ አጭሩ ነው። አጭሩ 35 ኪሎ ሜትር አጣ ማለት ነው። በምትኩ ግን በየማርሹ ጎማውን የሚገፋበት ኃይል በ23 በመቶ ይበልጣል።

ይህችን 23 በመቶ ያዙልኝ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ በግምት አንድ በመቶ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የቆመ መኪና ገና ሳይነሳ 18 በመቶ ተቀንሶበታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይማ ይብሳል። አጭር ዲፈረንሻል ፈረስ ጉልበት አይጨምርም፣ በየማርሹ ግን ከፍታው የነጠቀውን ግፊት ይመልስልናል። ከባሕሩ ጠለል እኩል በሆነ አገር የተሠራውን ረጅም ማርሽ እንዳለ ተቀብሎ «መኪናው ሰነፈብኝ» ማለት የኛው ጥፋት ነው።

ደግሞስ የት ነው 195 የሚነዳው? ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላ በየብስ የሚሄድ ሰው በመራዊና በዱርቤቴ በኩል ጣናን ዞሮ ነው የሚደርሰው። በመንገዱ ላይ ከብት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ገበያተኛ አለ፣ የተጫነ አህያ አለ። ሾፌሩ ከ40 ወደ 80፣ ከ80 ወደ 30 ሲል ነው የሚውለው። እዚህ የሚያስፈልገው ሜሲ እንጂ ቤል አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም ደጀን ላይ ሲደርስ ዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። አጭር ማርሽ ቁልቁለቱን ሲወርድ በሞተሩ ይይዛል፣ ፍሬኑ አይቃጠልም፤ ዳገቱን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ አያቃስትም። ይሄ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

የረጅም ማርሽ ደጋፊዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ሁለተኛ ማርሹ 1.9 ከሆነ ረጅሙ መኪና ሳይቀይር 100ን ያልፋል፤ አጭሩ ግን 84 ላይ ሦስተኛ ይፈልጋል። ፍሪሲዮን ረግጦ እስኪቀይር ጊዜ ይባክናል። በረጅሙ አስፋልት ላይ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ነዳጅ ይበላል፤ ነዳጅ ደግሞ ዋጋው የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቀዋል። መፍትሔው ታዲያ የታችኞቹን ማርሾች አጭርና የተቀራረቡ አድርጎ የመጨረሻውን ብቻ ማርዘም ነው። ስድስት ማርሽ ያለው መኪና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ፎርሙላ ዋን የሚከታተል ያውቀዋል። ድሮ ቡድኖቹ ለሞናኮ ጠባብ ጎዳና አጭር፣ ለሞንዛ ረጅም ቀጥታ ረጅም ማርሽ እየገጠሙ ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ስምንት ማርሽ ከውድድር ዘመኑ በፊት ተመርጦ እንዲያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምርጫው ለሁሉም ሜዳ የሚሆን አንድ አሰላለፍ እንደማውጣት ሆነ። የእኛም ሾፌር ያለው አንድ ካምቢዮ ነውና በብዛት ለሚጫወትበት ሜዳ ይምረጥ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «ክርክሩ አለቀ» የሚሉ አሉ። አላለቀም! አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ አጭር ይሁን ረጅም ፋብሪካው አንዴ ወስኖልናል። ፖርሽ እንኳ ታይካን ለተባለው መኪናው ከኋላ ሁለት ማርሽ የሰጠው መነሳቱንም ረጅሙንም ፍጥነት ስለፈለገ ነው። ደግነቱ ኤሌክትሪክ ሞተር ለሥራው አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይነጥቀውም።

ስለዚህ ጎበዝ፣ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ዳሽቦርዱን ተዉት። ሻጩን ዳገት ላይ ውሰዱት፣ ሰው ጭናችሁ በሁለተኛና በሦስተኛ ሞክሩት። እዚያ ላይ ካቃሰተ 220 ተጽፎበት ምን ይረባል? ቁጥሩ አይገፋም!